ማክሰኞ የተሰመረው ድንበር

የስድስቱን ቀን ፍጥረት ትምህርት በልጅነቱ የሰማ ሰው ቁጥሩን አይረሳውም። እሑድ 8፣ ሰኞ 1፣ ማክሰኞ 3፣ ረቡዕ 3፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 4፤ ሲደመር 22 ሥነ ፍጥረት። የአክሲማሮስ መምህራን እንደሚያስተምሩት እስከ ማክሰኞ ድረስ ምድር ከዳር እስከ ዳር ውሃ ለብሳ ነበር። ማክሰኞ ውሃው ወደ አንድ ስፍራ እንዲሰበሰብ ታዘዘ፤ የብሱ ተገለጠ፤ በባሕርና በምድር መካከል ድንበር ተሰመረ። በመጪው ሚያዝያ በሞተር ሳይክል ልሄድበት የምሰናዳው መንገድ ይህንኑ ድንበር ተከትሎ የተቆረጠ ነው። ሌሊቱንም እዚያው ድንበሩ ላይ፣ በድንኳን ነው የማድረው።

የካሊፎርኒያ ቁጥር 1 አውራ ጎዳና በደቡብ ከዴና ፖይንት ተነስቶ በሰሜን እስከ ሌጌት ድረስ 1,055 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ሁሉም እኩል አይደለም። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሲያልፍ የትራፊክ መብራት የበዛበት የከተማ መንገድ ነው። ሰውን አፉን የሚያስከፍተው ከካርሜል እስከ ሳን ሲሚዮን ያለው፣ ቢግ ሰር የሚሉት 145 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ ክፍል የሳንታ ሉሲያ ተራሮች አንዲት ሜዳ እንኳ ሳያስተርፉ ቀጥ ብለው ባሕር ውስጥ ይገባሉ። ኮን ፒክ የሚባለው ጫፍ 1,571 ሜትር ከፍታ አለው፤ ከውሃው ግን አምስት ኪሎ ሜትር አይርቅም። ከኦክላንድ ወይም ከሳን ሆዜ ለሚነሳ አበሻ ካርሜል የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይሆንም። እዚህ አገር ዓመታት የኖርን ብዙዎቻችን ግን ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንመላለስ በደጃችን ያለውን ይህን ሥራ ሳናየው ቆይተናል።

በመኪና መሄድ ይቻላል፤ ሕፃናትና አረጋውያን ላሉበት ቤተሰብ እንዲያውም የሚሻለው እሱ ነው። ሞተር ግን በሰውና በፍጥረት መካከል ያለውን መስታወት ያነሳዋል። ጥላ ውስጥ ሲገቡ ብርዱ ወዲያው ጉልበት ላይ ይሰማል፤ ከጥላው ሲወጡ ፀሐይዋ ትከሻ ላይ ታርፋለች። ወንዝ ያለበት ሸለቆ ገና ሳይታይ የረጠበ ቅጠሉ ይሸታል፤ ኩርባውን ዞረው ፊት ለፊት ባሕሩ ላይ ሲወጡ ጨው ጨው የሚል አየር ይተካዋል። አባቶች የሰው ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት፣ ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውሃና ከመሬት ተሠራ ይላሉ። ሞተር ላይ የተቀመጠ ሰው አራቱንም በአንድ ጊዜ ያገኛቸዋል፤ ነፋሱ ደረቱን ይገፋዋል፣ ውሃው ከጎኑ ያገሳል፣ መሬቱ በሁለት ጎማ ብቻ ይይዘዋል፣ እሳቱም ከጉልበቱ ሥር በሲሊንደሩ ውስጥ ይነዳል። ከነሱ የሚከልለው ነገር ስለሌለ ጠባያቸውን አጥንቶ መነሳት አለበት።

አብረውኝ የሚሄዱት ሰው በዕድሜ ይበልጡኛል። አዲስ አበባ ሳሉ ለዓመታት በሞተር መልእክት ሲያመላልሱ የኖሩ ናቸው። “ጋሼ፣ መቼ ብንሄድ ይሻላል?” ብዬ ብጠይቃቸው፣ “ልጄ፣ አንተ ፈቃድ የምታገኝበትን ቀን ተወውና ቦታው መቼ እንደሚቀበለን አጣራ” አሉኝ። የወራቱን ጠባይ በደብተር ማስፈር የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

በታኅሣሥና በጥር ግራጫዎቹ ዓሣ ነባሪዎች አላስካ አጠገብ ካለው የበረዶ ባሕር ተነስተው፣ በሜክሲኮ ባሃ ካሊፎርኒያ ወዳሉት ሞቃት የባሕር ወሽመጦች ይወርዳሉ። እዚያ ይወልዳሉ። ከየካቲት ጀምሮ ወደ ሰሜን መመለስ ይጀምራሉ፤ የወለዱት እናቶች ግን ግልገሎቻቸው እስኪጠነክሩ ቆይተው በሚያዝያና በግንቦት ነው የሚያልፉት። ደርሶ መልሱ ከ16,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። እናትና ልጅ ኦርካ ከሚባለው አዳኝ ለመሸሸግ ዳርቻውን ታክከው ስለሚሄዱ፣ አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ያለ አጉሊ መነጽር ትንፋሻቸውን ሊያይ ይችላል። መጀመሪያ የእናቲቱ ትንፋሽ ከፍ ብሎ ይበተናል፤ ወዲያው አጠገቧ አነስ ያለች ሌላ ትንፋሽ ብቅ ትላለች። ያቺ ሁለተኛዋ ትንፋሽ ከተወለደች ገና ጥቂት ወራት የሆናት፣ ወደማታውቀው የበረዶ ባሕር የምትሄድ ፍጥረት ናት።

ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ጎብኚ የሚጎርፍባቸው ወራት ናቸው፤ ባሕሩ ግን ያን ጊዜ ብዙውን ቀን በጉም እንደተጋረደ ይውላል። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ሲወጣ መንገዱ በነጭ የተዘጋበት ሰው ይህን ጉም ለመረዳት አይቸገርም፤ የጣርማ በሩ ከቆላ ይወጣል፣ የቢግ ሰሩ ከባሕር። አፈጣጠሩን ባነበብኩ ቁጥር እጄን አፌ ላይ እጭናለሁ። በጸደይና በበጋ ከሰሜን ምዕራብ የሚመጣ ነፋስ ዳርቻውን ይዞ ወደ ደቡብ ይነፍሳል። ምድር በዛቢያዋ ስለምትዞር፣ ነፋሱ የሚገፋው የላይኛው ውሃ ከዳርቻው እየራቀ ወደ ክፍት ባሕር ያዘነብላል። ቦታው ባዶ አይቀርም፤ ከጥልቁ ቀዝቃዛ ውሃ ወጥቶ ይሞላዋል። ያ ውሃ ከላይ ሞቶ የወረደው ሁሉ በስብሶ የተወውን ማዳበሪያ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ብርሃን ሲያገኝ በዓይን የማይታዩ ዕፅዋት ይፈሉበታል። እነሱን ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት ይበሏቸዋል፤ እነዚያን ሰርዲንና አንቾቪ፤ እነዚህን ደግሞ ወፉም፣ ትልቁ ዓሣም፣ ዓሣ ነባሪውም ይመገባቸዋል። ከሩቅ ውቅያኖስ የመጣው እርጥብ አየር በበኩሉ ይህን ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካ ጉም ይሆናል፤ ሸለቆ ሸለቆውን ይዞም ወደ ተራራው ይገባል።

ተራራው ላይ ሬድዉድ የሚባሉት ዛፎች አሉ። በምድር ላይ ከሬድዉድ የሚረዝም ዛፍ የለም፤ በሰሜን ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2006 የተገኘውና ሃይፐርየን የተባለው ከ115 ሜትር ይበልጣል። የቢግ ሰሮቹ ያን ያህል አይደርሱም። ዘራቸው ወደ ደቡብ የሚያበቃው እዚህ ስለሆነ ጉም በሚደርስባቸው ሸለቆዎች ውስጥ ተጠግተው ይኖራሉ። ዝናብ ጠብ በማይልባቸው የበጋ ወራት ቅጠላቸው ጉሙን ይይዘዋል፤ ጉሙ ጠብታ ሆኖ ወደ ግርጌያቸው ይወርዳል፤ በሰሜኑ ደን በተደረገ ጥናት ከዓመቱ ውሃ አንድ ሦስተኛ ያህሉ በዚህ መንገድ የሚገኝ ሆኖ ተገኝቷል። ከ2,000 ዓመት በላይ የኖሩ አሉ። ፍሬያቸው ግን ከወይራ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። ደርቆ ሲከፈት መዳፍ ላይ የሚፈሱት ዘሮች ቡናማና ስስ ናቸው፤ ትንሽ እስትንፋስ ይበትናቸዋል። ያ አንድ ነፋስ ከታች ዓሣ ነባሪን ይቀልባል፣ ከላይ ደግሞ ከዚህች ዘር የበቀለውን ዛፍ ያጠጣል። ይህን ያህል ሥራ በአንድ ነፋስ የሠራ እጅ ምን ዓይነት እጅ ነው!

ማክሰኞ ከተፈጠሩት ሦስት ወገኖች አንዱን አባቶች በምሳር የሚቆረጡ ይሏቸዋል። እውነትም ሬድዉዶቹ በምሳርና በመጋዝ ተቆረጡ፤ ከጥንቱ ደን የቀረው አምስት በመቶ ያህል ብቻ ነው። ፋይፈር ቢግ ሰር በሚባለው ፓርክ ድንኳን የሚተከለው ከነዚህ ዛፎች ግርጌ ነው። አንዱን ሌሊት እዚያ እናድራለን።

በመስከረምና በጥቅምት ሰማዩ ይጠራል፣ ባሕሩም ከሌላው ጊዜ ለዘብ ይላል፤ ነገር ግን ተራራው ሁሉ ደርቆ እሳት የሚጠብቅበት ወቅት ነው። ስለዚህ ሚያዝያን ያዝን። ኮረብታው ገና ለምለም ነው፤ ብርቱካንማውና ሐምራዊው የዱር አበባ እስከ መንገዱ ጠርዝ ይወርዳል፤ እናት ዓሣ ነባሪዎችም በመንገድ ላይ ናቸው። ፒየድራስ ብላንካስ በሚባለው የባሕር ዳርቻ ደግሞ የባሕር ዝሆኖች ቆዳቸውን የሚለውጡበት ጊዜ ነው።

ስለነዚህ እንስሳት ብዙ መናገር እፈልጋለሁ፤ በዚህ መንገድ ላይ ካለው ሁሉ እኔን ያንበረከኩኝ እነሱ ናቸውና። የባሕር ዝሆን ያልኩት ኤለፋንት ሲል የሚሉትን ነው። የትልቁ ወንድ ክብደት ከ2,000 ኪሎ ይበልጣል፤ አፍንጫው አድጎ ወደ አፉ ይንጠለጠላል። ከእንጨት በተሠራው መተላለፊያ ላይ ቆሞ ቁልቁል የሚመለከት ሰው መጀመሪያ የሚያየው ግራጫ ድንጋይ የተበተነበት አሸዋ ነው። ጥቂት ሲቆይ አንደኛው ድንጋይ የፊት እጁን ያነሳና አሸዋ ዝቆ ጀርባው ላይ ይበትናል፤ ሁለተኛው ያዛጋል፤ ሦስተኛው በእንባ የረጠበ ትልቅ ጥቁር ዓይኑን ይከፍታል። በሚያዝያ ሴቶቹና ወጣቶቹ አሮጌው ቆዳ ከነጸጉሩ እየተገሸለጠ ይወድቅላቸዋል። ጫፉ ተነስቶ በነፋስ ሲርገበገብ ከሥሩ ብርማ አዲስ ጸጉር ይታያል። ያን ሰሞን እህል አይቀምሱም፤ አዲሱ ቆዳ እስኪሞላ ይጾማሉ።

በጥር የተወለደ ግልገል እናቱ 28 ቀን ያህል ታጠባዋለች። ሲወለድ ከ30 ኪሎ ትንሽ ከፍ የሚል ነበር፤ ጡት ሲጥል ከ100 ኪሎ ያልፋል። ለዚያ ሁሉ ጊዜ እናቱ ምንም አትበላም፤ የምትሰጠው ከራሷ ሥጋ ነው። ከዚያ ትታው ወደ ባሕር ትሄዳለች። ግልገሉ ከእኩዮቹ ጋር ዳርቻው ላይ ይቀራል፤ ዋና የሚያስተምረው የለም። ማታ ማታ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ትንፋሹን መያዝ ይለማመዳል፤ ቀስ በቀስ ራቅ ይላል፤ በሚያዝያ አንድ ቀን ወደ ሰሜን ፓስፊክ ይነሳል። ማንም ያልመራው ጉዞ ነው፤ ከዓመት ዓመት የሚመለሱት ግን ወደተወለዱበት አካባቢ ነው።

ባሕር ውስጥ የሚያደርጉት ከዚህም ይበልጣል። ለሃያና ለሠላሳ ደቂቃ እየጠለቁ፣ ለትንፋሽ ላይ የሚቆዩት ሁለት ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ቀንና ሌሊት እንዲሁ ለወራት። ከ1,500 ሜትር በታች የወረዱ ተመዝግበዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት ጭንቅላታቸው ላይ በተለጠፈ መሣሪያ እንቅልፋቸውን ለክቶ፣ በባሕር ሳሉ በቀን ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ እንደሚተኙ አሳይቷል። ያንንም ቢሆን እየጠለቁ ነው፤ አዳኝ ከማይደርስበት ጥልቀት ሲገቡ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል፣ ሰውነታቸው ይገለበጥና እየተሽከረከሩ ወደ ጨለማው ይወርዳሉ፣ ከደቂቃዎች በኋላ ነቅተው ወደ ላይ ይዋኛሉ።

እነዚህን ፍጥረታት ሰው ለስባቸው ብሎ ጨርሷቸው ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ከመቶ የማይበልጡ በሜክሲኮ ጓዳሉፔ ደሴት ብቻ ቀሩ። ሜክሲኮ በ1922 አደናቸውን ከለከለች። ከነዚያ ጥቂቶች ዘር ተባዝቶ ዛሬ ከመቶ ሺህ በብዙ ይበልጣሉ። ወደ ፒየድራስ ብላንካስ የመጀመሪያዎቹ በ1990 መጡ፤ በ1992 የመጀመሪያው ግልገል ተወለደ። እኛ የምንቆምበት ዳርቻ በኔ ዕድሜ ውስጥ ባዶ ነበር ማለት ነው።

ሐሙስ ከውሃ የተገኙት በልባቸው የሚሳቡ፣ በእግራቸው የሚሽከረከሩና በክንፋቸው የሚበሩ ናቸው። ከሚበሩት ወገን እዚህ ኮንዶር አለ፤ ክንፉ ሲዘረጋ ሦስት ሜትር ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ጥንብ አንሳ። በጥይት የተመታ እንስሳ ሥጋ ውስጥ የሚቀረው እርሳስ ሲመርዘው ኖሮ፣ በ1982 በዓለም ላይ የቀሩት 22 ብቻ ነበሩ። ቁጥሩን ሳነብ ደነገጥኩ፤ የስድስቱ ቀን ሥነ ፍጥረት ቁጥር ነውና። በ1987 በዱር የነበሩት ሁሉ ተይዘው በሰው እጅ እንዲራቡ ተደረገ። ከ1997 ጀምሮ በቢግ ሰር ሰማይ ላይ እንደገና ይለቀቁ ጀመር። ዛሬ በዱርም በጥበቃም ያሉት ተደምረው ከ500 ይበልጣሉ። እያንዳንዱ በክንፉ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ምልክት አለው፤ ዝቅ ብሎ ካለፈ ቁጥሩ ይነበባል። እንቁላሉ በሁለት ዓመት አንድ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ የሚሞተውን አንዱን መተካት ረጅም ትዕግሥት ይጠይቃል።

የባሕር አቆስታም እንዲሁ ነው፤ ሲ ኦተር የሚሉት። ለጸጉሩ ተብሎ ታድኖ ከካሊፎርኒያ ጠፍቷል ተብሎ ሲታመን፣ በ1938 ሃምሳ ያህሉ በቢክስቢ ወንዝ መውረጃ አካባቢ ታዩ። ዛሬ 3,000 ገደማ ናቸው። እናቲቱ ለምግብ ስትጠልቅ ልጇ በማዕበል እንዳይወሰድ በኬልፕ ጠቅልላ ታስረዋለች። ኬልፕ በአንድ ቀን እስከ 60 ሳንቲ ሜትር የሚያድግ የባሕር ተክል ነው። አቆስታዎቹ ኬልፕን የሚያወድመውን የባሕር ጃርት እየበሉ ይጠብቁታል፤ እሱም ልጆቻቸውን ይይዝላቸዋል።

ወራቱና እንስሳቱ እንዲህ ከታወቁ በኋላ የመንገዱ ነገር ይመጣል፤ እዚህ ላይ ነው ማክሰኞ የተሰመረው ድንበር ገና እየተሰመረ መሆኑ የሚታየው። የቢግ ሰር ዳርቻ ያረፈበት የፓስፊክ ምድር በዓመት አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ምዕራብ ይጓዛል። ከአጠገቡ ካለው ምድር ጋር ሲፈጋፈግ ተራሮቹ ወደ ላይ ይነሳሉ፤ አለታቸው ግን የተፈጨና የተደባለቀ ስለሆነ ዝናብ ሲጠግብ አይቆምም። ሜይ 20 ቀን 2017 መድ ክሪክ በተባለው ቦታ የተራራው ፊት በሙሉ ወረደ። አራት መቶ ሜትር የሚያህል መንገድ ከሥሩ ተቀበረ፤ ባሕር የነበረው ቦታ ላይ ሄክታሮች የሚሸፍን አዲስ ምድር ተፈጠረ። መንገዱ በዚያ አዲስ ምድር ላይ ተሠርቶ የተከፈተው ከ14 ወር ገደማ በኋላ ነበር፤ ወጪው 54 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። በ2021 ራት ክሪክ ላይ አስፋልቱ ተቆርጦ ባሕር ገባ። በ2023ና በ2024 ሌሎች ናዳዎች ተከተሉ።

ማክዌይ ፏፏቴን የሚያዩ ሁሉ ደግሞ ይህን ልብ ይበሉ። 24 ሜትር ከፍታ ካለው አለት ላይ የሚወርደው ውሃ ድሮ የሚያርፈው በቀጥታ ባሕሩ ላይ ነበር። በ1983 በአጠገቡ በተከሰተ ናዳ አፈሩ ወደ ወሽመጡ ገብቶ የአሸዋ ዳርቻ ተሠራ። ዛሬ ፏፏቴው አሸዋ ላይ ይወርዳል። የብስ የተገለጠበትን ያንን ትእዛዝ እንደ ጥንት ታሪክ ይዘን ለኖርን ሰዎች፣ በኛ ዘመን የብስ ሲገለጥ ማየት ትልቅ ነገር ነው።

መንገዱን የሠሩት ሰዎችም ሊታወሱ ይገባል። ግንባታው 18 ዓመት ፈጅቶ በ1937 ተከፈተ። ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ከሳን ኩዌንቲን ወህኒ ቤት የመጡ፣ ከፍርዳቸው እየተቀነሰላቸው በድማሚትና በአካፋ ተራራ የቆረጡ እስረኞች ነበሩ። ሁሉም ፎቶ የሚያነሳው የቢክስቢ ድልድይ በ1932 ተጠናቀቀ፤ ከሸለቆው 79 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በአንድ የኮንክሪት ቅስት ቆሟል። ከመንገዱም ከድልድዩም በፊት ይህ ምድር የኤሰለን ሕዝብ ነበር። ከአገራቸው ከተፈናቀሉ 250 ዓመት ያህል ቆይተው፣ በ2020 ከሊትል ሰር ወንዝ አጠገብ 1,200 ኤከር ገደማ የአባቶቻቸው መሬት ተመልሶላቸዋል።

ስለ ጓዝ ብዙ አልልም። ከባዱ ነገር ዝቅ ብሎ፣ በሁለቱ የጎን ሻንጣዎች እኩል ተከፍሎ ይጫናል። ካቴናው ይቀባል፤ የጎማው አየር ጓዙ ከተጫነ በኋላ እንደገና ይለካል። ቀኑ ቢሞቅም ጉም ሲገባ እጅ ስለሚደነዝዝ ወፍራም ጓንት፣ የዝናብ ልብስና ለብርድ የሚሆን ስሊፒንግ ባግ ግድ ነው። ቤንዚን ካርሜል ላይ ይሞላል፤ መሐል ላይ ያሉት ማደያዎች ጥቂትና በውድነታቸው የታወቁ ናቸው፤ ስልክም በአብዛኛው መንገድ አይሠራም። ስንቃችን በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ነው፤ ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ ውሃ ብቻ ይበቃዋል። ሌሊት ምግብ ድንኳን ውስጥ አይቀመጥም፤ ራኩን የሚሉት እንስሳ ዚፕ መክፈት ያውቅበታል።

የምንሄደው ከሰሜን ወደ ደቡብ ነው። እዚህ አገር የሚነዳው በቀኝ ስለሆነ፣ ወደ ደቡብ የሚሄድ ሰው የባሕሩን ወገን ይይዛል፤ ለማቆምም ሌላውን መስመር ማቋረጥ የለበትም። ጋሼ ከሁሉ አስቀድመው የነገሩኝ ግን ይህን ነው፦ “ሞተር ዓይንህ ወዳየበት ነው የሚሄደው። ኩርባ ላይ ባሕሩን ካየህ ባሕሩ ውስጥ ነህ።” ኩርባው ሲመጣ ዓይን ወደ ኩርባው መውጫ ይሄዳል፤ ከተራራው የወረደ ጠጠር ሊኖር ስለሚችል ፍጥነቱ ከመግባት በፊት ይቀነሳል። ባሕሩን ማየት የፈለገ ሰው ከመንገድ ወጥቶ ማቆም፣ ሞተሩን ማጥፋት፣ ሄልሜቱን ማውለቅ አለበት። ለዚህ የተዘጋጁ ማቆሚያዎች በየኪሎ ሜትሩ አሉ። እየነዱ መጎብኘትን የሚከለክል መንገድ በመሆኑ ደስ ይለኛል፤ በዚህ ፍጥረት ፊት መቆም ይገባልና። 145 ኪሎ ሜትሩን በሦስት ሰዓት መጨረስ ይቻላል። እኛ ሌሊቶች መድበንለታል።

ሁለተኛው ማደሪያችን ከርክ ክሪክ ነው፤ ድንኳኖቹ የሚተከሉት ባሕሩን ከላይ በሚያይ አፋፍ ላይ ነው። አጠገቡ ከተማ የለም። ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ረቡዕ የተፈጠሩት ከዋክብት እስከ ውሃው ጠርዝ ድረስ ይወርዳሉ ብለው የነገሩኝ ስላሉ፣ ቀኑን ከጨረቃዋ መጥፊያ ጋር አስማምተን ያዝን። ቦታዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ምዝገባው ከስድስት ወር በፊት ሲከፈት ወዲያው ያልቃሉ። ለመሄድ ያሰበ ሰው ከዛሬ ጀምሮ ያስብበት። ሊነሳ ሲልም የመንገዱን ሁኔታ ካልትራንስ ከሚባለው የካሊፎርኒያ የመንገድ መሥሪያ ቤት ሳያረጋግጥ አይውጣ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ የምለምናችሁም እሱን ነው። ነፋሱን፣ ውሃውንና መሬቱን በዚያ ዳርቻ ማንም አያዝዛቸውም። ከአራቱ ባሕርያት በእጃችን የተሰጠን እሳት ብቻ ነው። ጁላይ 22 ቀን 2016 ጋራፓታ ፓርክ ውስጥ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው በተከለከለ ቦታ እሳት አንድዶ ትቶት ሄደ። ቃጠሎው እስከ ኦክቶበር ቆየ፤ ከ53,000 ሄክታር በላይ በላ፤ 57 ቤቶች አወደመ፤ እሳቱን ለመከላከል ዶዘር ይነዳ የነበረ ሰው ሞተበት። በ2020 ደግሞ ሌላ ቃጠሎ የኮንዶሮቹን መልቀቂያ ስፍራ አቃጥሎ፣ በስንት ድካም ከተመለሱት ወፎች መካከል አንዳንዶቹን ገደለ። ስለዚህ ወገኖቼ፣ በዚያ መንገድ ስትሄዱ ጀበናችሁን በጋዝ ምድጃ ላይ ጣዱ። እንጨት አትለቃቅሙ፤ የእሳት ክልከላ በታወጀበት ወቅት በተፈቀደው ምድጃ ውስጥ እንኳ እንጨት አታንድዱ፤ የሲጋራ ቁራጭ ከመንገድ ዳር አትጣሉ። በብሔራዊው ደን ውስጥ ከተዘጋጁት የካምፕ ቦታዎች ውጭ ለጋዝ ምድጃም ቢሆን የእሳት ፈቃድ መያዝ ግዴታ ነው። ፈቃዱ በኢንተርኔት ይወጣል፤ ክፍያ የለውም።